ከእሳት አጥሮ የወጣ ሸክላ

ዲላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የጣሪያውን ሸክላ ሥራ ቀን በቀን ለመመዝገብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ዐይኔ ሲደክም ወደ ተወለድኩበት ከተማ ተመለስኩ። አሁን የጸሎት ቤታችን ምእመናን ለሚያሠሩት ትምህርት ቤት የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ።

ጣሪያው በሸክላ ይከደን ያልኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ሰብሳቢያችን አቶ ወንድይፍራው፣ “እንግዲያው ደበበ፣ አንተ ለካው፣ አንተው ምራው፤ እኛ እንጸልያለን” አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። ግድግዳው የጭቃ ስለሆነ የመጋቢት ዝናብ ሳይጥል መከደን አለበት። የካቲት መጨረሻ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ጭቃውን የምታቦካው ከጪጩ መንገድ በታች፣ ወንዝ ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ድስትና እንስራ ሠርታ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ጸሎት ቤትም ትመጣለች፤ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። አሰፋች ትባላለች አሉኝ።

ታኅሣሥ 9

አናጢው ፈድሉ ፎርማውን ጨረሰ። ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 24። ልኩን የወሰድኩት ከአዲስ አበባ ይዤው ከመጣሁት አንድ የጣሪያ ሸክላ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት። አይዛነፍም።

ታኅሣሥ 14

ሴትዮዋ የተሰባበረ ድስት በጆንያ ተሸክማ መጣች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ መውቀጥ ስትጀምር ደረስኩ።

“ይህ ምን ሊሆን ነው?”

“ገል ነው። ከጭቃው ጋር ይገባል።”

“ለምን?”

“ጭቃ ብቻዋን ከሆነች እሳት ስታይ ትኮማተራለች፣ ትሸሻለች። ገል አንድ ጊዜ እሳት አይቷል፣ አይፈራም። እሱ ይይዛታል።”

ለአዲስ ቤት አዲስ አፈር ነው የሚገባው አልኳት። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ቅቤን በሙዝ ስለሚያበዙ ነጋዴዎች ስንት ዜና አርሜአለሁ። ስብርባሪ የተቀላቀለበት ሸክላ በልጆች ራስ ላይ አልሰቅልም። ጆንያውን መልሳ እንድትወስድ ነገርኳት።

“አንተ ታውቃለህ” አለች። አንተ ትለኛለች። አማርኛው ስለማይሞላላት ነው፤ ንቀት አላየሁባትም።

ታኅሣሥ 17

ችኮላ ላይ ነኝ። ሴትዮዋ ቤቴ ድረስ መጣች። ጣት የሚያካክሉ ሁለት የጭቃ ቁራጮች፣ በአንድ እንጨት ተለክተው የተቆረጡ። “አንዷ ገል አላት፣ አንዷ የላትም። በኔ እሳት አበስልና አመጣለሁ፣ ያን ጊዜ እይ።” ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር። እሺ አልኳት።

ጥር 1

ቁራጮቹን ከነእንጨቱ አመጣች። መስኮቱ ላይ አስቀምጪው አልኳት። እንግዶች ነበሩብኝ።

ጥር 4

1,200 ሸክላዎች ጥላ ሥር ደርቀዋል። ለጣሪያው 1,100 ይበቃል፤ መቶው ለመጠባበቂያ ነው። መደርደሪያው ላይ ተነካክተው የተደረደሩት አሁን በመካከላቸው ጣት ያስገባሉ። በደንብ የመድረቃቸው ምልክት ነው።

ፈድሉ ሸክላው የሚያርፍበትን ሞራሌ ሊመታ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጠራኝ።

“ጋሼ፣ ከእሳት የወጣ አንድ ሸክላ እስካይ ብቆይስ?”

“ፎርማውን የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?”

“እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ልኩ ይታወቃል። አርባ ነው፤ ስድስቱ በላዩ ይደረባል። በሠላሳ አራት በሠላሳ አራት ምታው።”

“እሺ ጋሼ። ሚስማር ለመንቀል ያስቸግራል ብዬ ነው።”

መታው።

ጥር 14

ከጥምቀት በዓል መልስ ምድጃው ተለኮሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ባሕር ዛፍ በላ። ሴትዮዋ በቀዳዳው እያየች በቀለሙ ትለካለች። መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ፣ ቀጥሎ የበሰለ ብርቱካን የሚመስል። “በቃት” ስትል አፉን በጭቃ ዘጋነው። እስኪበርድ ሦስት ቀን።

ጥር 17

ተከፈተ። 260 ተሰንጥቋል። የቀረው ሲያንኳኩት እንደ ብረት ይጮኻል። ምላሴን አስነካሁት፤ አይጣበቅም፣ ውሃ አይመጥም። ደስ አለኝ። ፈድሉ ስድስት ሸክላ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ቆየ። ከዚያ፦

“ጋሼ፣ አይደርስም።”

“ምኑ?”

“ሸክላው። የላይኛው የታችኛውን በጥፍሩ ነው የያዘው።”

እንጨት ያቀረበልን ነጋዴው ገብረኪዳን ከሥር ቆሞ ነበር። “የኔ ሞራሌ አላጠረ” አለ። “ያቦካችውን ጠይቁ። የነሱ ዐይን ካረፈበት እንኳን ጭቃ ድንጋይም ይሰነጠቃል።”

ሁለት ሠራተኞች ሳቁ። እኔ የተሰነጠቁትን እየቆጠርኩ ስለነበር አልመለስኩለትም። ሴትዮዋ ምድጃው አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። የሰማች አይመስለኝም።

ጥር 18

ቀኑን ሙሉ ስለካ ዋልኩ። አርባ ሆኖ ከፎርማ የወጣው ሸክላ ከእሳት ሲወጣ 34 ከስምንት ሚሊ ሜትር ነው። ሃያ አራት የነበረው ወርድ ሃያ አንድ አይሞላም። ስድስት ሳንቲ ሜትር መደረብ የነበረበት አንድም አልደረበ። ሞራሌውን ነቅለን አቀራርበን ብንመታ እንኳ፣ በጎኑም ስለጠበበ፣ በአሥር ሸክላ ፋንታ አሥራ አራት ያስፈልጋል። በጤና የወጣው 940 ነው። አይበቃም።

መስኮቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቁራጮች አነሣሁ። ከእንጨቱ ጎን አጋደምኳቸው። ገል ያላት በትንሹ አንሳለች። ገል የሌላት የዚያችን ሁለት እጥፍ ያህል አጥራለች፤ መሐሏም ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ።

አሁን ይገባኛል። ጭቃ ሁለት ጊዜ ያጥራል። አንድ ጊዜ ውሃው ሲወጣለት፤ አንድ ጊዜ እሳት ውስጥ፣ ቅንጣቶቹ ተለጣጥፈው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲዘጋ። ባይጠጋጋ አይጠነክርም፤ እንዲጮኽና ውሃ እንዳይመጥ ከተፈለገ ማጠሩ አይቀርም። ገሉ ግን ድርሻውን ቀደም ብሎ ስላጠረ መሐል ገብቶ ያግደዋል። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሸክላ ደግሞ ከእሳት የወጣ ነበር። በእሱ ልክ፣ እሳት ላላየ ጭቃ ፎርማ አሠራሁ።

ይህን ማንም ሊስት ይችላል። የተጻፈ መመሪያ አልነበረም።

ጥር 21

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አፈሩ ከእሳቱ ጋር አልተስማማም ብዬ አስረዳሁ።

አቶ ወንድይፍራው፣ “ማነው ያቦካው?” አሉ።

“ሸክላ ሠሪዋ።”

“ከምድጃው ያወጣውስ? በቃ ያለው?”

“እሷው።”

“እንግዲህ በሌላ ሰው ይቦካ” አሉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። የተጠየቅሁትን መለስኩ። የመለስኩት ሁሉ እውነት ነው። ስለ ፎርማው የጠየቀኝ የለም።

ከሥራ መሰናበቷን የነገራት ፈድሉ ነው። እኔ ሌላ ቦታ የማደርሰው ደብዳቤ ነበረኝ።

ጥር 23

ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ከገበያ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

“ያቺን ሸክላ ሠሪ ሰው በሩቅ ነው የሚያልፋት” አለች። “የልጆቹን ትምህርት ቤት ጣሪያ በዐይኗ ሰነጠቀችው እየተባለ ነው።”

“ተራ ወሬ ነው።”

“ወሬ መሆኑንስ አውቃለሁ። ሸክላው ግን ለምን አጠረ?”

ነገሩ ረጅም ነው አልኳት።

“አንተ ረጅም ነገር ስታሳጥር አይደል የኖርከው?” አለችና ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ጥር 25

አዲስ አቡኪዎች መጡ፤ እንግዳ የሚባልና ወንድሙ። ጎበዞች ናቸው። ስለ ሸክላ አያውቁም።

ከእነሱ ቀድሜ ሲነጋጋ እገባለሁ። የተሰነጠቁትን ሸክላዎች እወቅጣለሁ። በወንፊት እነፋዋለሁ። አምስት ቁና ጭቃ፣ አንድ ቁና ተኩል ዱቄት። እነ እንግዳ ሲመጡ ተቀላቅሎ ይጠብቃቸዋል። ደረቅ አሸዋ ነው አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ጥር 28

ከዱቄቱ ቅልቅል ቁራጭ ሠርቼ በማንጠግቦሽ ምድጃ ውስጥ በከሰል አበሰልኩ። በደንብ አልጋለም፤ ሁለተኛ ሞከርኩ። ከመቶ ስምንት ያጥራል። ፈድሉን አዲስ ፎርማ አዘዝኩት፤ ርዝመት አርባ ሦስት ተኩል፣ ወርድ ሃያ ስድስት።

“ፎርማው አደገ?”

“አደገ።”

“ስለዚህ አጥሮ የነበረው የመጀመሪያው ነው።”

ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁት። ፈድሉ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሄደ።

የካቲት 16

ተከፈተ። የተሰነጠቀው አሥራ አንድ ብቻ ነው። ርዝመቱ አርባ፤ አንዳንዱ በሁለት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቀድሞ በተመታው ሞራሌ ላይ ልክ ገባ። ፈድሉ እየደረደረ ያፏጫል። አቶ ወንድይፍራው ኮፍያቸውን አውልቀው ጸለዩ። ከጸሎቱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ “አየህ ደበበ” አሉ፣ “የሴትየዋ እጅ ሲወጣለት ተቃና።”

የቆሙት ሁሉ አዎን አሉ። ማንም በክፋት አልተናገረም። እኔን እያመሰገኑኝ ነበር።

የካቲት 18

ሲጀመር ወሬው ገብረኪዳን የተናገረው ቀልድ ነበር። አሁን ማስረጃ አለው። ማስረጃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በአርባ ሳንቲ ሜትር፣ በ1,100 ቁጥር። ከጣሪያው ሥር የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል።

ማንጠግቦሽ ዛሬ ያየችውን ነገረችኝ። ሰዎች ቀድሞ ከእሷ የገዙትን ድስት እየመለሱላት ነው። አንኳኩተው አይሰጧትም፤ ደጇ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ማንጠግቦሽ ስታልፍ ዘጠኝ ቆጥራለች። አንዱ ወጥ የተሠራበት፣ ጥቀርሻ ያለው ነው። ጭቃ ወደምትቆፍርበት ወንዝ ዳርም እንዳትወርድ ከልክለዋታል፤ ከብቶቻችን የሚጠጡበት ነው ብለው።

“ያለ ጭቃ ምን ትሠራለች?” አልኩ።

“እኔን ትጠይቀኛለህ?”

እራት ቀረበ። በላሁ።

የካቲት 22፣ እሑድ

ዛሬ ጸሎት ቤት የመጨረሻው አግዳሚ ባዶ ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ እሷ ወረድኩ።

ደጇ ላይ ተቀምጣ የተመለሱላትን ድስቶች ትወቅጣለች። ከጎኗ አንድ ክምር የገል ዱቄት አለ፤ የሚቀላቀልበት ጭቃ ግን የለም። አልተነሣችም። ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

“ጣሪያህን አየሁት” አለች።

“መቼ?”

“ማክሰኞ። ከመንገድ። ነጠብጣብ አለባት። ገል አስገብተሃል።”

“አስገብቻለሁ።”

“ስንት?”

“ለአምስት ቁና አንድ ተኩል።”

“አንድ ይበቃ ነበር። ሲበዛ ውሃ ታስገባለች።” መውቀጡን ቀጠለች። “ሳያት ደስ አለኝ። ሰው አይቶ ይገባዋል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ትናገራለህ ብዬም ጠበቅሁ።”

ለመናገር የመጣሁበትን በቅጡ አዘጋጅቼው ነበር። አስቸጋሪ ሁኔታ እንደነበር፣ ኮሚቴው ስለ ፎርማው እንዳልጠየቀኝ። ጀመርኩት። እስክጨርስ አልጠበቀችም።

“ፎርማ ማን ለካ?”

“እኔ።”

“ገል ማን ከለከለ?”

“እኔ።”

“እሱን በል። ሌላውን ተወው፣ ብዙ ነው።”

የሚመጣው እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ በምእመናኑ ፊት እንደምናገር ቃል ገባሁላት። ራሷን ነቀነቀች።

“ጸሎት ቤት ድስት አልሸጥም። ገበያ ላይ ተወራ፣ ገበያ ላይ ይነገር። እኔ ቅዳሜ ዕቃዬን አወጣለሁ። ከመጣህ እዚያ ነኝ።”

ስነሣ ውሃ ትጠጣ እንደሆን ብላ ጠየቀችኝ። በሸክላ ዋንጫ ሰጠችኝ። እዚህ ደጅ ውሃ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው። አምስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብረን ጸልየናል።

የካቲት 24

ለአቶ ወንድይፍራው ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንበራቸው ላይ ወደኋላ ተደገፉ።

“ጣሪያው አልቋል፣ ደበበ።”

“አልቋል።”

“ያፈሳል?”

“አያፈስም።”

“ታዲያ እውነቱን ለእግዚአብሔር ንገረው። ገበያ ምን አደረገህ?”

ወሬው የተወራው ገበያ መሆኑን ነገርኳቸው።

“የሳትከው አንተ ብቻ ከሆንክ ጥሩ” አሉ። “ግን አሰናብቷት ያልኩት እኔ ነኝ። እኔንም ነው ይዘህ ገበያ የምትወጣው። ከወጣህ በጸሐፊነት አትቀጥልም።”

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ባለፈው ክረምት እናቴ ስትቀበር አፈር ካለበሷት አንዱ ናቸው።

የካቲት 26

ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ተኩል፤ ስለ ቅንጣቶች፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ አዲስ አበባው ሸክላ። ስሜ የመጣው ከገጹ ግርጌ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ፤ “ስሕተት ተፈጽሟል” ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለውን ለስንት ባለሥልጣን አሳምሬአለሁ። ቀደድኩት። ሦስተኛው አራት መስመር ነው።

ማንጠግቦሽ አነበበችው። “ይኼኛው ይሰማል” አለች።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ረፋድ ላይ ሄድኩ። አሰፋች ከድስት ተራው መጨረሻ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ ሸክላ ሻጮች ሸሽተዋታል። ፊቷ አሥራ አራት ድስት አለ። አጠገቧ ቆሜ ወረቀቱን አወጣሁ።  ጮክ ብዬ አነበብኩ።

“እኔ ደበበ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ሸክላ ፎርማ የለካሁት እኔ ነኝ፤ አሳጥሬ ለካሁት። አሰፋች ገል እንቀላቅል ስትለኝ የከለከልኩ እኔ ነኝ፤ በዚያ ምክንያት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ያቃናሁት እሷ ያስተማረችኝን በድብቅ ሠርቼ ነው። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ሳለ እሷ ስትወቀስ ዝም አልኩ።”

“ምን ይላል?” አለ አንድ የበርበሬ ነጋዴ።

“ሸክላውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ ይላል” አለው አጠገቡ ያለው።

“ማነው?”

“ጋዜጣ ቤት የነበረ ነው።”

“ለዚህ ነዋ ከወረቀት ካላነበበ እውነት የማይወጣው።”

ሳቁ። ሳቁ በእኔ ላይ ነበር። ከዚያ ገብረኪዳን ሰዉን ከፍሎ መጣ። ፊቱ ላይ የእውነት ሐዘን ነበረበት።

“ወንድሜ” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አንተንም በልታሃለች ማለት ነው።”

ይህን አላሰብኩም ነበር። የምናገረው ሁሉ ለእሱ ሌላ ማስረጃ ሆነ።  አሰፋች ቀና ብላ አላየችኝም፤ አንዱን ድስት በእጇ ይዛ ታዞረዋለች።

ያን ጊዜ ፈድሉ ከሰዉ መሐል መጋዙን እንደያዘ ተናገረ። “እኔንስ ማን በላኝ? ፎርማውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አርባ፣ ሁለተኛው አርባ ሦስት ተኩል። ሁለቱም ሱቄ አሉ። መለካት የሚፈልግ ይምጣ፣ ሜትር እሰጠዋለሁ። ገብሬ፣ አንተም ና።”

“እኔ ሥራ አለብኝ” አለ ገብረኪዳን።

“ሁሉም ሥራ አለበት።”

አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅርጫቷን እያስተካከለች፣ “ሦስት ተኩል ጣት መለካት ላቃተው ሰው ነው ይህችን ሴት የቀጣችኋት?” አለች። ሰዎቹ እንደገና ሳቁና ተበተኑ። የተከተለው ጥቂት ነው። አራት ሰዎች ከፈድሉ ጋር ወደ ሱቁ ሲሄዱ አየሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላመሰገነችኝም፤ ማመስገንም አልነበረባትም። ሁለት ድስት ሸጠች። አንዱን የገዛችው ማንጠግቦሽ ናት፤ ስለዚህ አንድ ብዬ እመዘግባለሁ።

ዕቃዋን ስታነሣ፣ “ወሬ አለቀ” አለችኝ። “ሰኞ ጭቃ ልቆፍር እወርዳለሁ። ሲከለክሉኝ ማየት ትችላለህ።”

የካቲት 30፣ ሰኞ

ከኮሚቴው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊነቱ ለሌላ ተሰጥቷል። የጽሑፉ አማርኛ ንጹሕ ነው።

ጠዋት ወንዝ ዳር ወረድኩ። ሦስት ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው ነበር፤ ሁለቱ ዱላ ይዘዋል። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ፈድሉ ሱቅ ከሄዱት አንዱ ነው። አሰፋች መቆፈሪያዋን እንደያዘች ፊታቸው ደርሳ ቆመች። እኔም ከጎኗ ቆምኩ። የምለውን ቅዳሜ ጨርሻለሁ።

ያ የማውቀው ሰው እኔን አላየኝም። እሷን፣ “ለካሁት እኮ” አላት። “ሁለቱንም።”

“ስንት ሆነ?”

“እንዳለው ነው።”

ከመንገዱ ወጣ። ሁለቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። አሰፋች ለአንድ ሰው በሚበቃው ክፍተት በጎን አልፋ ወረደች፤ እኔ እነሱን ስዞር እግሬ ረግረጉ ውስጥ ገባ።

አንድ ጆንያ ቆፈረች። ዱላ የያዙት እስክትጨርስ ከላይ ቆመው አዩዋት። ነገም እንደሚቆሙ ተናግረዋል። እሷም ነገ ሁለት ጆንያ እንደሚያስፈልጋት ነገረቻቸው።